ቀሪዋ ፍሬ፦ የመርዓዊ ገበያ ማባዣና የስልካችን ቁልፍ

ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ውስጥ አንድ ቀን ማታ አጎቴ መርዓዊ አጠገብ ካለው የቆጋ መስኖ ደወለልኝ። ከአቮካዶና ከስንዴ ሽያጭ ያገኛትን ብር ባንክ አስገብቶ ነበር። «ቻይኖቹ የባንኩን ኮድ ሰበሩት እያሉ ነው፤ ብሬን ላውጣት ወይስ ትቀመጥ?» አለኝ። መርዓዊ ላይ ሰው ከስልክ ስልክ የሚቀባበለውን ቪዲዮ አይቷል። ቪዲዮው ውስጥ አንድ ሰው በኳንተም ኮምፒውተር የማይከፈት ነገር ከእንግዲህ እንደሌለ በልበ ሙሉነት ይናገራል። አጎቴ የመስኖ ተራው መቼ እንደሚደርስ፣ ውሃው ከዋናው ቦይ ተነስቶ ማሳው ጋ ለመድረስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ሳይጽፍ የሚያውቅ ጠንቃቃ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው በአንድ ቪዲዮ እንቅልፍ ማጣቱ አናደደኝ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት በዚያው ሌሊት ነው።

ለአጎቴ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፤ ትቀመጥ አልኩት። ምክንያቱ ግን አጭር አይደለም።

በመጀመሪያ ዜናው ራሱ ይመርመር። የሻንጋይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዲ-ዌቭ የተባለው ኩባንያ በሠራው የኳንተም ማሽን ታግዘው አንድ ባለ 22 ቢት ቁጥር ከየትኞቹ ሁለት ቁጥሮች ብዜት እንደተገኘ አወቁ። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. በአንድ የቻይና የኮምፒውተር ሳይንስ መጽሔት ታተመ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ጋዜጦች አነሱትና ነገሩ የጦር ሠራዊት ምስጢር የተሰበረ ያህል ተወራ። ባለ 22 ቢት ቁጥር ማለት ከ4,194,304 ያነሰ ቁጥር ነው። እንዲህ ያለውን ቁጥር ለመፍታት ከ2,048 በታች ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ከ1ና ከራሳቸው በቀር ለሌላ በማይካፈሉት፣ እያካፈሉ መሞከር ይበቃል። ብዛታቸው 309 ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ካልኩሌተር ይዞ አንድ ከሰዓት ቢቀመጥ ይጨርሰዋል። አርኤስኤ በሚባለው የምስጠራ ዘዴ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ በትንሹ 2,048 ቢት ነው። አንድ ቢት በተጨመረ ቁጥር ስፋቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከ22 ቢት ወደ 2,048 ቢት ለመድረስ 2,026 ጊዜ እጥፍ መሆን ያስፈልጋል። ዜናውን የጻፉት ሰዎች ይህችን አንዲት መስመር ስሌት ቢሠሩ ኖሮ አጎቴ በሰላም ባደረ።

ወሬው ቶሎ የተቀጣጠለው መጋቢት 2016 ዓ.ም. ገና ከሰው ልብ ስላልወጣ ይመስለኛል። በዚያ ወር በ6ኛው ቀን ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሂሳባቸው ከነበራቸው በላይ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። በየዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ኤቲኤም ላይ በሌሊት ተሰለፉ። የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ያኔም «ሃከሮች ኮዱን ሰበሩት» ተብሎ ነበር። ባንኩ ግን የሳይበር ጥቃት እንዳልደረሰበት፣ ችግሩ ከራሱ ሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እንደነበር አስታወቀ። በሩን ሰብሮ የገባ ሌባ አልነበረም፤ የመጋዘኑ ቆጣሪ ነው የተሳሳተው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ መፍትሔያቸው የተለያየ ነውና።

የምስጠራን ሀሁ ሁሉ እዚህ አልደግምም፤ ለሚቀጥለው የሚያስፈልገውን ብቻ ላንሳ። ሁለት ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎች ሁሉም በሚሰማው መስመር እየተነጋገሩ የጋራ ምስጢር መፍጠር እንደሚችሉ እ.ኤ.አ. በ1976 ዲፊና ሄልማን አሳይተዋል። እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ብቻ የሚያውቀው የግል ቁልፍና ለማንም የሚያሳየው የአደባባይ ቁልፍ ይኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 ኒል ኮብሊትዝና ቪክቶር ሚለር፣ አንዱ ከሌላው ሳይመካከር፣ ይህ ሥራ በኤሊፕቲክ ከርቭ ላይ (ምንነቱን ከታች እናየዋለን) እንዲሠራ ሐሳብ አቀረቡ። ባለ 256 ቢት የከርቭ ቁልፍ የሚሰጠውን ጥበቃ ከአርኤስኤ ለማግኘት 3,072 ቢት ያስፈልጋል። ዛሬ ስልካችን ከአንድ ድረ ገጽ ጋር በምስጢር ሲገናኝ ሁለቱ በቁልፍ የሚስማሙት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ዋትስአፕም መልእክታችንን የሚቆልፈው ከርቭ 25519 በሚባለው ላይ ተመሥርቶ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ምስጠራን በሰምና ወርቅ የሚያስረዱ መምህራን አሉ፤ ተማሪውን ያሳስታሉ። ቅኔ ቁልፍ የለውም። ቋንቋውንና ታሪኩን የሚያውቅ ሁሉ ወርቁን ያገኘዋል፤ እንዲያገኘውም ነው ባለቅኔው የተቀኘው። ምስጠራ ግን ዘዴውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው፣ የፈጠረው ሰው ራሱ እንኳ፣ ቁልፉን ካልያዘ መግባት እንዳይችል ሆኖ የሚሠራ ነገር ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። አያቴ በየቅዳሜው መርዓዊ ገበያ ላይ ትሸጣለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ በሂሳብ ግን ማንም አያታልላትም። አንድ ሰው 13 ኪሎ አቮካዶ በ35 ብር ሂሳብ ሊገዛት ሲል የነጠላዋን ጫፍ ትፈታና ከቋጠረችው በቆሎ 13 ፍሬ ቆጥራ ጆንያው ላይ ትደረድራለች። «ሠላሳ አምስት» ትላለች። አሥራ ሦስቱን ፍሬ ለሁለት ትገምሳለች፤ ስድስት ስድስት ይሆንና አንዲት ፍሬ ትተርፋለች። ቀሪዋን ፍሬ በአውራ ጣቷ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ «ሠላሳ አምስትን ያዝልኝ» ትለኛለች። አንደኛውን ስድስት ወደ ነጠላዋ ትመልሰውና ዋጋውን ታጥፈዋለች፤ ሰባ። ስድስቱ ሲገመስ ሦስት ሦስት ነው፤ ቀሪ የለም፤ ስለዚህ ሰባ አይያዝም። ዋጋው እንደገና ይታጠፋል፤ መቶ አርባ። ሦስቱ ሲገመስ አንድ አንድ ሆኖ አንዲት ትተርፋለች፤ «መቶ አርባን ያዝ»። እጥፉ ሁለት መቶ ሰማንያ ነው። ጆንያው ላይ የቀረችው አንዲት ፍሬ የምትገመስበት ስለሌላት እሷም ቀሪ ናት፤ «ሁለት መቶ ሰማንያንም ያዝ»። የያዝኳቸው 35፣ 140 እና 280 ናቸው። ሲደመሩ አራት መቶ ሃምሳ አምስት ብር። ገዢው ስልኩን አውጥቶ 13ን በ35 ሲያባዛ አያቴ ብሩን ለመቀበል እጇን ዘርግታለች።

ይህ ዘዴ በውጭ የሂሳብና የኮምፒውተር ጽሑፎች ውስጥ «የኢትዮጵያ ማባዣ» እየተባለ ይጠራል። ስያሜው ደስ ቢለኝም ሙሉ ለሙሉ አልቀበለውም። አሕምስ የተባለ ግብፃዊ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በገለበጠው ፓፒረስ ላይ በእጥፍ ማባዛት አለ። ሌሎች ደግሞ «የሩሲያ ገበሬዎች ማባዣ» ይሉታል። ስለ እኛ የሚተርኩት መጻሕፍት ቄስ ተጠርቶ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ጠጠር ተቆጥሮ እያሉ ይቀጥላሉ። እኔ ያደግኩት በጆንያና በበቆሎ ነው። ከዚህ ተነስቶ «ኮምፒውተርን የፈጠሩት አባቶቻችን ናቸው» የሚል ሰው ሲገጥመኝ አዝናለሁ፤ ዘዴው የሚያኮራ የሚሆነው ሳይጋነን ነውና። ቃሉን በተመለከተ ግን የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት ባለውለታዎቼ ናቸው። እኩል የሚገመሰውን ቁጥር «ተጋማሽ»፣ ቀሪ የሚተወውን «ኢተጋማሽ» ይሉታል። ከዚህ የተሻለ ስም ለዚህ ጽሑፍ ልመኝ አልችልም።

ዘዴው የሚሠራበት ምክንያት 13 ማለት 8 እና 4 እና 1 ስለሆነ ነው። የቀሪዎቹ ፍሬዎች ቅደም ተከተል፣ አለ፣ የለም፣ አለ፣ አለ የሚለው፣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ሲነበብ ኮምፒውተር 13ን የሚጽፍበት መንገድ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ከርቩ መሄድ አንድ እርምጃ ነው። ስሙ ግን እንቅፋት ይሆናል። ኤሊፕስ ሞላላ ስለሆነ «ሞላላ ጥምዝ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። ከርቩ ሞላላ አይደለም። ስሙን ያገኘው የሞላላን ዙሪያ ርዝመት ለማስላት የደከሙ የቀድሞ ሊቃውንት ከደረሱባቸው ስሌቶች ጋር ስለሚዛመድ ነው። ሞላላ እያሰቡ ከጀመሩ የሚቀጥለው ሁሉ ይጠፋልና እኔ ኤሊፕቲክ ከርቭ እያልኩ እቀጥላለሁ።

የአግድም ልኩን ሀ፣ የቁመት ልኩን ለ እንበለው። አንድ ከርቭ ልስጣችሁ፦ ለ² = ሀ³ + 2ሀ + 2። ቁጥሮቹ እንደ ሰዓት የሚዞሩ ናቸው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት የተነሳ አውቶቡስ 10 ሰዓት ሙሉ ቢጓዝ የሚደርሰው በ14 ሰዓት ሳይሆን በማታው 2 ሰዓት ነው፤ 12 ላይ ዞሯል። የእኛ ሰዓት ደግሞ የሚዞረው 17 ላይ ነው፤ ከማንኛውም ቁጥር ላይ 17ን ጥለን ቀሪውን ብቻ እንይዛለን። (5፣ 1) የሚባለው ነጥብ በከርቩ ላይ አለ? ሀ ላይ 5ን ስናስገባ 125 እና 10 እና 2፣ ድምሩ 137 ነው። 17 እየተጣለ ሲቀነስ 1 ይቀራል፤ የ1 ካሬም 1 ነው። አለ ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ነጥቦች 18 ናቸው፤ የዜሮን ሥራ የሚሠራ አንድ ተጨማሪ ነጥብ ሲታከል 19 ይሆናሉ።

ሁለት ነጥቦችን የምንደምረው መስመር በማስመር ነው። በሁለቱ በኩል የሚያልፈው መስመር ከርቩን ሦስተኛ ቦታ ላይ ያገኘዋል፤ ያንን ነጥብ ከላይ ወደ ታች እንገለብጠዋለን፤ ድምሩ እሱ ነው። አንድን ነጥብ ከራሱ ጋር ለመደመር፣ ማለትም ለማጠፍ፣ ነጥቡ ላይ ከርቩን ነክቶ የሚያልፈውን መስመር እንወስዳለን። ለምን እንዲህ ተብሎ ተደነገገ የሚል ጥያቄ ለወራት አስጨንቆኝ ነበር። በመጨረሻ ያረጋጋኝ ሕጉ እንደ ተራ መደመር መሥራቱን በእጄ ማየቴ ነው፤ ሦስት ነጥቦችን በፈለጉት ቅደም ተከተል ቢደምሩ መልሱ አይለወጥም። የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን በማይሠራባቸው ወራት የታተሙ ጥቂት ገጾች ይዤ፣ ካሬ ደብተር ላይ እነዚህን 19 ነጥቦች እየደመርኩ ነው የተማርኩት። ባሕር ዳር ላይ በዚያ ክረምት ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው።

አሁን (5፣ 1)ን 13 ጊዜ እንደምር። አያቴ እንዳደረገችው እናድርግ። የመጀመሪያው (5፣ 1)፤ 13 ቀሪ አለው፣ ያዝ። እጥፉ (6፣ 3)፤ 6 ቀሪ የለውም፣ አይያዝም። እጥፉ (3፣ 1)፤ 3 ቀሪ አለው፣ ያዝ። እጥፉ (13፣ 7)፤ ያዝ። የተያዙት (5፣ 1)፣ (3፣ 1) እና (13፣ 7) ሲደመሩ (16፣ 4) ይሰጣሉ። በሠላሳ አምስት ብር ፋንታ ነጥብ ከመግባቱ በቀር ከጆንያው ላይ ሥራ የተለየ ነገር የለውም። ስልካችንም ይህንኑ ነው የሚያደርገው። 13 የግል ቁልፍ ነው፤ (16፣ 4) የአደባባይ ቁልፍ ነው። እውነተኛው የግል ቁልፍ እስከ 78 አሃዝ የሚረዝም ቁጥር ነው፤ ነጥቡን አንድ በአንድ እየደመርኩ እደርሳለሁ የሚል የዓለም ዕድሜ አይበቃውም። በእጥፍ ግን ቢበዛ 255 ማጠፍና ከዚያ የማይበልጥ መደመር ነው። ስልኩ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል።

ወደ ኋላስ? የአደባባይ ቁልፉን ያየ ሰው ቁጥሩን ለምን አያገኝም? ብዙ ጊዜ «ጣና ውስጥ የፈሰሰ ብርጭቆ ውሃ አይለቀምም» በሚል ምሳሌ ይመለሳል። ምሳሌው ልክ አይደለም። የፈሰሰው ውሃ ተደባልቆ ጠፍቷል፤ እዚህ ግን የጠፋ ነገር የለም። (16፣ 4) የ13 ብቻ ምልክት ነው፤ መረጃው ሙሉ በሙሉ በአደባባይ ላይ ተቀምጧል። የተሻለው ምሳሌ ታንኳ ነው። ከዘጌ የተነሳ ታንኳ አንድ የማይለዋወጥ ሕግ እየተከተለ ከደሴት ወደ ደሴት ይዘላል እንበል፤ ከክብራን ወደ ዳጋ፣ ከዳጋ ወደ ደቅ፣ ከደቅ ወዳላሰብነው ቦታ። መጨረሻ ላይ ሁላችንም አንድ ደሴት ላይ ቆሞ እናየዋለን። ስንት ጊዜ ዘለለ? የደሴቶቹ ቅርበትና ርቀት ምንም አይነግረንም፤ ቀጣዩ ዝላይ የት እንደሚያርፍ አይተን የምንገምትበት ሥርዓት የለም። ደሴቶቹ እንደ ጣና 37 ሳይሆኑ በ78 አሃዝ የሚቆጠሩ ሲሆኑ የሚደርሰውን አስቡት።

የሚታወቀው ምርጥ የማጥቂያ መንገድ የሥራውን ብዛት ወደ ካሬ ሥሩ ያወርደዋል። ለባለ 256 ቢት ከርቭ ይህ 128 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ተባዝተው የሚገኘው ቁጥር ነው። ሰሞኑን አገራችን ውስጥ መብራት እየገዙ ቢትኮይን ስለሚቆፍሩ ኩባንያዎች ሲጻፍ «ውስብስብ ሂሳብ የሚፈቱ ማሽኖች» ይባላል፤ ሰውም ከዚህ ተነስቶ የባንክ ኮድ ይሰብራሉ ብሎ ይሰጋል። ማሽኖቹ የሚሠሩት አንዲት ቀላል ስሌት መደጋገም ነው፤ ከርቭ ላይ ነጥብ መደመር አይችሉም። ይችላሉ እንበል። እ.ኤ.አ. በ2024 የመላው ዓለም የቢትኮይን ማሽኖች በሰከንድ 600 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ያህል ሙከራ ያደርጉ ነበር። ሁሉም ሌላ ሥራ ትተው አንድ ቁልፍ ላይ ቢዘምቱ 18 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅባቸዋል። የዩኒቨርስ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ነው።

ይሁን እንጂ ከቁጥሩ ግዝፈት የበለጠ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው፤ በየትኛውም መግቢያ መጽሐፍ ላይ ተገቢውን ቦታ ሲያገኝ አላየሁም። ወደ ኋላ መግመስ ራሱ ከባድ አይደለም። የነጥቦቹ ብዛት 19፣ ማለትም ኢተጋማሽ ስለሆነ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ግማሽ አለው፤ ማስላቱም ቀላል ነው። ታዲያ (16፣ 4)ን እየገመስኩ ለምን 13 ላይ አልደርስም? አያቴ ስትገምስ ቀሪዋን ፍሬ ታያታለች። ነጥቡን የሚገምስ ሰው ግን ቀሪ ፍሬ መኖሯን አያይም። (16፣ 4) ሲገመስ (10፣ 11) ይሰጣል፤ ጥርት ያለ መልስ ነው፣ ምንም ቀሪ የለውም። ግን ነጥቡ 16ኛው ነው። 16 ሲታጠፍ 32፣ 19 ሲጣልለት 13 ይሆናልና ግማሹ እውነት ነው፤ መንገዱ ግን ጠፍቷል። አንድ ሰው ቁጥሩ ኢተጋማሽ መሆኑን ጆሮዬ ላይ ሹክ ቢለኝ ኖሮ (5፣ 1)ን ቀንሼ (0፣ 11) ላይ እደርስ፣ እሱን ገምሼ (16፣ 13)፣ እሱን ገምሼ (10፣ 6) አገኝ ነበር። «ይህም ቀሪ አለው» ቢለኝ ቀንሼ (6፣ 3)፣ ገምሼ (5፣ 1)፤ ቤቴ ገባሁ። የ78 አሃዙ ቁልፍም ቢሆን በ256 ሹክሹክታ ያልቃል። እንግዲህ የዚህ ሁሉ መቆለፊያ ጥበቃ ያረፈው በአንዲት ፍሬ ላይ ነው፤ ነጥቡን አይቶ ቁጥሩ ተጋማሽ ይሁን አይሁን የሚናገር ሰው እስካሁን የለም። ይህን ደብተሬ ላይ ሠርቼ የጨረስኩ ዕለት ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።

እውነተኞቹ አደጋዎችም የሚመጡት በዚህችው ፍሬ በኩል ነው። ማሽኑ «ያዝ» ሲባል አንድ ተጨማሪ መደመር ይሠራል፤ «አይያዝም» ሲባል አይሠራም። ስለዚህ ቀሪ ባለበት እርምጃ ትንሽ ይዘገያል፤ ትንሽ ተጨማሪ ኤሌክትሪክም ይስባል። ፖል ኮቸር እ.ኤ.አ. በ1996 ጊዜን ብቻ በመለካት፣ በ1999 ከባልደረቦቹ ጋር የኤሌክትሪክ ፍጆታን በመለካት፣ ከማሽን ውስጥ ምስጢር ማውጣት እንደሚቻል አሳየ። አያቴ አጠገብ ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠ ሰው «ያዝልኝ» ያለችበትን ቦታ በጆሮው ቢለይ 13 ኪሎ መሸጧን ያውቃል፤ ነገሩ ያው ነው። መከላከያው ቀሪ ኖረም አልኖረም እኩል ሥራ መሥራት ነው። ፒተር ሞንትጎመሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ለሌላ ዓላማ የፈለሰፈው መሰላል የሚባል ዘዴ በየእርምጃው አንድ ማጠፍና አንድ መደመር ሳያጓድል ይሠራል። ዳንኤል በርንስታይን ከርቭ 25519ን ሲቀርጽ ይህን መሰላል መሠረት ያደረገው አውቆ ነው።

በዲጂታል ፊርማ ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። አገራችን በኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለፊርማው ሕጋዊ መሠረት ሰጥታለች፤ ሥራውን የሚጀምሩ ወጣት ፕሮግራመሮች ቀጥሎ ያለውን እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። በከርቭ የሚፈረም እያንዳንዱ ፊርማ አዲስና ማንም የማይገምተው ቁጥር ይፈልጋል። የፕሌይስቴሽን 3 አምራች በየፊርማው አንድ ዓይነት ቁጥር ይጠቀም ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ የግል ቁልፉ በተራ አልጀብራ ተገኘ። ከርቩ ምንም አልሆነም። ልብ በሉ፤ ከዚያ አንድ ዓመት ከግማሽ ገደማ ቀደም ብሎ ተመራማሪዎች ከ200 በላይ የዚያኑ ዓይነት ማሽን አገናኝተው፣ ወራት ደክመው፣ በጉልበት የሰበሩት ባለ 112 ቢት ከርቭ ብቻ ነበር። ከዚያ ተነስቶ ወደ 256 ቢት ለመድረስ ሥራው 72 ጊዜ እጥፍ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ በሙያዬ ውስጥ የሚከራከሩኝ ሰዎች ሊሰሙት የሚገባ ነገር አለ፤ ሳልሸሽግ ልናገር። ቀሪዋ ፍሬ አትታይም ያልኩት ያያት ሰው ስለሌለ እንጂ አትታይም ብሎ ያረጋገጠ ሰው ስላለ አይደለም። ማረጋገጫ የለም። እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ብርቱ ሰዎች ሞክረው አልሆነላቸውም፤ ያለን ይህ ነው። በተጨማሪም ሁሉም ከርቭ አንድ አይደለም። ሜነዘስ፣ ኦካሞቶና ቫንስቶን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ ዓይነት ደካማ ከርቭ አሳዩ፤ በዚያው አሥርት መጨረሻ ደግሞ የነጥቦቹ ብዛት ከሰዓቱ መዞሪያ ጋር እኩል የሆነ ከርቭ በቀላሉ እንደሚፈታ ታወቀ። ከአሜሪካ መንግሥት ተቋም የወጡ አንዳንድ ከርቮች የተመረጡበት ቁጥር ከየት እንደመጣ በቂ ማብራሪያ ስለሌለው የሚጠራጠሩ ሊቃውንት አሉ። ጥርጣሬው ከሜዳ የተነሳ አይደለም፤ ዱዋል ኢሲ የተባለው የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫ የኋላ በር ሊኖረው እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2007 ተጠቁሞ፣ በ2014 ከደረጃው ተሰርዟል። እ.ኤ.አ. በ2022 ካስትሪክና ዴክሩ ሳይክ የተባለውን ዘዴ በአንድ ተራ ኮምፒውተር ሲሰብሩት ኤሊፕቲክ ከርቭ የወደቀ ሊመስል ይችላል። ሳይክ የሚጠቀመው ከአንዱ ከርቭ ወደ ሌላው ከርቭ የሚወስድ ስውር መንገድን ነበር፤ በአንድ ከርቭ ላይ ነጥብ የማባዛቱን ሥራ ጥቃቱ አልነካውም።

ኳንተሙም እውነት ነው፤ አጎቴን ያስፈራው ቪዲዮ ያዛባው ጊዜውንና ዓይነቱን ነው። ፒተር ሾር እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳየው ዘዴ በቂ ኳንተም ኮምፒውተር ካለ አርኤስኤም ከርቭም ይፈታሉ። ዘዴው ቀሪዋን ፍሬ አንድ በአንድ አያስስም፤ የነጥቦቹን ዑደት በአንድ ጊዜ ያዳምጣል። ለባለ 256 ቢት ከርቭ 2,330 ስህተት የማይሠሩ ኪዩቢት (የኳንተም ኮምፒውተር ቢት) እንደሚበቁ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ስሌት ያሳያል፤ አንዱን ስህተት የማይሠራ ኪዩቢት ለመሥራት ግን እንደዛሬው ያሉ ብዙ ኪዩቢቶች መደገፍ አለባቸው። በወሬው የተነሳው የዲ-ዌቭ ማሽን ደግሞ ከነጭራሹ የሾርን ዘዴ ለማስኬድ የተሠራ ዓይነት አይደለም። ከአርኤስኤ አጭር መሆኑ እዚህ ላይ ለከርቩ ጉዳት ነው፤ ባጠረ ቁጥር ለኳንተም የሚበቃው ኪዩቢት ያንሳልና። ይህን ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል፤ ደብቀን የምናልፈው አይደለም።

ለዚህ ነው ዝግጅቱ የተጀመረው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 የኳንተም ኮምፒውተርን ይቋቋማሉ የተባሉ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች ወጥተዋል። ዛሬ የሚላክ መልእክት ተጠልፎ ከተቀመጠ ከዓመታት በኋላ ሊከፈት ስለሚችል ሲግናል የተባለው የመልእክት መተግበሪያ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ አዲሱን ዘዴ ከከርቩ ጋር አጣምሮ እየሠራ ነው፤ የድረ ገጽ ማሰሻዎችም ተከትለዋል። አዲሱ ዘዴ ወጣት ነው፤ ሳይክ እንደወደቀው ሊወድቅ ይችላል ተብሎ ይሰጋል። ስለዚህ ከርቩ አልተነሳም። የተላከውን መልእክት ለመክፈት የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ቁልፎች መስበር አለበት፤ ከሁለቱ አንደኛው አሁንም በዚያው በመርዓዊው ገበያ ስልት፣ 255 ጊዜ ገደማ እየታጠፈ ይሰላል።